«እንደ በቀቀን»፦ የአንድ ስድብ ታሪክ

በአማርኛ ሰውን «በቀቀን» ማለት የሚናገረውን አያውቅም ማለት ነው። ትምህርቱ ሳይገባው የሸመደደ ተማሪ፣ የአለቃውን ቃል እየደገመ ስብሰባ የሚያሟሙቅ ሹም፣ ሌላ ሰው ያረቀቀለትን ሰነድ የሚያነበንብ ባለሥልጣን፣ ሁሉም በዚህች ወፍ ስም ተሰድበዋል። ስድቡ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛም የወፏን ስም ግሥ አድርጎ፣ ሳይረዱ መድገምን ይጠራበታል።

ይህ አሮጌ ስድብ በመጋቢት 2021 አዲስ ሥራ አገኘ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት ትምኒት ገብሩ፣ ከቋንቋ ሊቋ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በጻፉት ጥናት ታላላቆቹን የቋንቋ ሞዴሎች «ስቶካስቲክ በቀቀኖች» አሏቸው። የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ በዕድል ስሌት እየገመቱ ቃላትን የሚገጣጥሙ፣ ትርጉሙን ግን የማይጨብጡ ማለታቸው ነው። በጥናቱ ሳቢያ በተነሣው ውዝግብ ትምኒት በታኅሣሥ 2020 ከጉግል ተለዩ፤ እርሳቸው ተባረርሁ ሲሉ ኩባንያው መልቀቂያቸውን ተቀበልሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚደረግ ክርክር ሁሉ በቀቀኗ ከጠረጴዛው አልጠፋችም።

የዚህ ደብዳቤ አንባብያን ብዙዎቻችሁ በፖሊሲ፣ በቴክኖሎጂ፣ በጤናና በሕግ ሥራ ላይ ያላችሁ ናችሁ፤ ክርክሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ወፏ ራሷ ግን ምን ታውቃለች? የሚለውን ጥያቄ ከክርክሩ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ታሪኩን ስንከተል የምናገኘው የሚያሳፍር ነገር ነው። ለአራት መቶ ዓመታት ገደማ በቀቀንን ያለ በቂ ፈተና ናቅናት። ዛሬ ደግሞ ማሽኑን ያለ በቂ ፈተና እናምነዋለን። ስሕተቶቹ ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ድምፁን ሰምተው ስለ አእምሮው ይፈርዳሉ።

የባሕረ ሰላጤው መጤዎች

ይህን የምጽፈው በበርክሌይና በኦክላንድ መካከል ከተቀመጠችው ከትንሿ ኤመሪቪል ነው። ዛሬ የገበያ ማዕከል በቆመበት ሥፍራ የኦሎኒ ሕዝቦች በብዙ መቶ ዓመታት ያከማቹት የቀንድ አውጣና የዛጎል ጉብታ ነበር። ማክስ ኡሌ በ1902 ቆፈረው፤ በ1924 ጉብታው ተደርምሶ ለፋብሪካ ቦታ ተለቀቀ። ከቁፋሮው የወጡትን የወፍ አጥንቶች ያጠናችው ሂልድጋርድ ሃዋርድ ሥራዋን በ1929 አሳተመች። በጥናቷ ጎልተው የታዩት ዳክዬዎች፣ ዝይዎችና ኮርሞራንት የተባሉት ዓሣ አጥማጅ ወፎች ናቸው። በቀቀን የዚህ ባሕር ዳርቻ ተወላጅ አይደለችም።

ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያሉት በቀቀኖች ሁሉ፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ ከሌላ አገር የመጡ ወይም ከመጡት የተወለዱ ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ ሰማይ እየጮኸ የሚበረው ቀይ ራስ መንጋ መነሻው ከኤኳዶርና ከፔሩ ለቤት እንስሳት ገበያ የመጡ፣ ከእጅ ያመለጡ ወፎች ናቸው። ከተማዋ በ2007 በመናፈሻዎቿ እነርሱን መመገብን በሕግ ከለከለች፤ በ2023 ደግሞ ይፋዊ እንስሳዋ አድርጋ ሰየመቻቸው። የስደተኛ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅደም ተከተል እንግዳ አይመስለውም።

በንግግር ችሎታው ስሙ የገነነው ግን ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ነው። አገሩ ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች እስከ ኬንያ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ዝናው ጥፋቱ ሆነ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሕጋዊው ንግድ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከዱር ተይዘው ተሸጡ፤ በጋና ከ1992 ወዲህ ከዘጠና በመቶ በላይ እንደጠፉ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። አሜሪካ በ1992 ባወጣችው ሕግ ከዱር የተያዙ ወፎችን ማስገባት በጥብቅ ገደበች። በ2016 በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት የዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባላት ግራጫውን በቀቀን በከፍተኛው የጥበቃ መደብ አስቀመጡት። ሰው የወፉን አንደበት ወደደ፤ ዝርያውን ግን ለመጥፋት አቀረበ።

እኛም የራሳችን አሉን። በግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ጥቁር ክንፉ ትንሹ በቀቀን የኢትዮጵያና የኤርትራ ተራሮች ነዋሪ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ አትክልት ሥፍራዎችም ይታያል፤ ሳይንሳዊ ስሙ «ታራንታ» የተወሰደው ወደ ኤርትራ ደጋ ከሚያወጣው መተላለፊያ ነው። አገራችን የበቀቀን አገር ሆና ሳለ ስለ ወፏ በቃላችን የቀረልን በዋናነት ስድቡ መሆኑ ያስገርማል።

ሁለት ፈላስፎች፣ ሁለት ፍርዶች

ስድቡን የፍልስፍና ማዕርግ የሰጠው ሬኔ ዴካርት ነው። በ1637 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ቁራ መሰል ወፎችና በቀቀኖች እንደ እኛ ቃል ማውጣት ቢችሉም፣ የሚሉትን እያሰቡ መሆኑን ማሳየት ስለማይችሉ አይናገሩም ሲል ደመደመ። ለእርሱ ንግግር የነፍስ ምስክር ነበር፤ በቀቀን ደግሞ ምስክርነቱን የምታስመስል ሐሰተኛ ናት።

ጆን ሎክ ከግማሽ ምዕት በኋላ ጉዳዩን በሌላ ዐይን አየው። በ1694 በታተመው ሁለተኛ እትም ውስጥ፣ ዲፕሎማቱ ዊልያም ቴምፕል የጻፈውን አንድ ወሬ ጠቀሰ። በደች ይዞታ ሥር የነበረችው ብራዚል ገዥ ልዑል ማውሪትስ፣ ጥያቄ የሚመልስ ሽማግሌ በቀቀን እንዳለ ሰምቶ አስመጣው። ከወዴት መጣህ? የማን ነህ? ምን ትሠራለህ? ብሎ ጠየቀው፤ ወፉም አገሩንና ባለቤቱን ተናግሮ፣ ሥራዬ ዶሮ መጠበቅ ነው አለ ይባላል። ታሪኩ እውነት መሆኑን ማንም ሊምል አይችልም። ትኩረት የሚገባው ግን የልዑሉ አሠራር ነው። ወፉ የሚናገረው በብራዚል ቋንቋ ስለነበረ ልዑሉ ሁለት አስተርጓሚ አቆመ፤ አንዱ ብራዚልኛ የሚያውቅ ደች፣ ሌላው ደችኛ የሚያውቅ ብራዚላዊ። ለየብቻቸው ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም አንድ ሆነ። ልዑሉ የድምፁ መጥራት አላረካውም፤ ማረጋገጫ ፈለገ።

ሎክ ከዚህ የወሰደው ትምህርት፣ እንዲህ ያለ ወፍ ቢኖር ሰው ሳይሆን አስተዋይ በቀቀን እንለዋለን የሚል ነው። ማስተዋልና ሰው መሆን አንድ አይደሉም ማለቱ ነው። ዴካርት የዘጋውን በር ሎክ ገርበብ አድርጎ ተወው።

ከፈረሱ ሐንስ እስከ አሌክስ

በሩ እንደገና የተዘጋው በበርሊን ነው። በሃያኛው ምዕት መባቻ ሐንስ የተባለ ፈረስ የሒሳብ ጥያቄ በኮቴው እየመታ ይመልስ ነበር። በ1907 ኦስካር ፉንግስት ምሥጢሩን ገለጠ፤ ፈረሱ የሚያነበው ቁጥሩን ሳይሆን የጠያቂውን ፊትና አኳኋን ነበር። ትምህርቱ ትክክለኛና አስፈላጊ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ እንስሳ አሰበ ማለት ለተመራማሪ የሚያስነውር ሆነ። በ1979 ኸርበርት ቴረስ ኒም የተባለው ቺምፓንዚ ያሳየው የምልክት ቋንቋ ባብዛኛው የአስተማሪዎቹ ቅጂ ነው ብሎ ሲያትም ጥርጣሬው ዳግም ጸና።

አይሪን ፔፐርበርግ ሥራቸውን የጀመሩት በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። በ1976 ከሃርቫርድ በቴዎሬቲካል ኬሚስትሪ ዶክትሬት ያገኙት እኚህ ሴት፣ በ1977 በቺካጎ አካባቢ ካለ የቤት እንስሳት መደብር አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ግራጫ በቀቀን ገዙ፤ አሌክስ አሉት። ዘዴያቸው ቀላልና ብልህ ነበር። ሁለት ሰዎች ከወፉ ፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዕቃ ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፤ ሌላው በትክክል ከመለሰ ዕቃውን ይቀበላል፤ ከተሳሳተ ይነፈጋል። ወፉ እያየ ይቀናል፤ ተራውንም ይሻማል። ሽልማቱ ዘር ወይም ጣፋጭ ሳይሆን የተሰየመው ዕቃ ራሱ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ከነገሩ ጋር ተጣበቀ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አሌክስ ሃምሳ ያህል ዕቃዎችን፣ ሰባት ቀለሞችን፣ አምስት ቅርጾችን በስም ለየ፤ መጀመሪያ እስከ ስድስት፣ በኋላም እስከ ስምንት ቆጠረ። በሰሐን ላይ የተቀላቀሉ ዕቃዎች ቀርበውለት «አረንጓዴ ብሎክ ስንት ነው?» ሲባል ሌሎቹን ትቶ እርሱን ብቻ ይቆጥር ነበር። ሁለት ነገሮች በምን እንደሚመሳሰሉ ወይም በምን እንደሚለያዩ ሲጠየቅ «ቀለም»፣ «ቅርጽ» ይላል፤ የሚለያዩበት ከሌለ «ምንም»። በፈተናዎቹ ሰማንያ በመቶ ያህል ትክክል ነበር፤ ፈተናውም ከዚያ በፊት አይቷቸው በማያውቃቸው ዕቃዎችም ጭምር ተደርጓል። ፔፐርበርግ እንደጻፉት፣ ለፖም ስም ሳይኖረው በፊት ከሙዝና ከቼሪ የእንግሊዝኛ ስሞች አንድ ቃል አጣምሮ ለራሱ ፈጠረ። አሌክስ በመስከረም 2007 በ31 ዓመቱ ሞተ።

አሌክስ የሰው ቋንቋ ተናገረ ማለት አይቻልም፤ ፔፐርበርግ ራሳቸውም እንዲያ አላሉም። ነገር ግን ይደግማል እንጂ አያውቅም የሚለው አሮጌ ፍርድ በእርሱ ላይ አልጸናም። ከእርሱ በኋላ የወጡ ጥናቶችም ፍርዱን ይበልጥ አዳከሙት። የወፍ የፊት አንጎል ለደመ ነፍስ ብቻ የተሠራ ነው የሚለውን የመቶ ዓመት ስያሜ በ2005 የተመራማሪዎች ኅብረት ውድቅ አደረገ። በ2016 የታተመ ቆጠራ ዋልኑት በምታህለው የማካው በቀቀን የፊት አንጎል ውስጥ፣ ሎሚ ከሚያህለው የማካክ ዝንጀሮ የፊት አንጎል የሚበልጥ የነርቭ ሕዋስ እንዳለ አሳየ። በቬኔዙዌላ ዱር የተደረገ ጥናት ደግሞ በ2011 እንዳመለከተው፣ የአንድ ትንሽ በቀቀን ዝርያ ወላጆች ለጫጩቶቻቸው የየራሳቸውን መጠሪያ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ወደ ሌላ ጎጆ የተዛወሩ ጫጩቶች የሚይዙትም የአሳዳጊዎቻቸውን ነው። ስለዚህ በቀቀን ድምፅ የምትቀዳው ባዶ ስለሆነች ሳይሆን፣ በተፈጥሮዋ የቤተሰብ ስም የምትማር ማኅበርተኛ ስለሆነች ነው። በረት ውስጥ ቤተሰቧ ሰው በመሆኑ የሰውን ቃል ትይዛለች።

ንባብ ቤትና ቅኔ ቤት

እዚህ ላይ የራሳችን የትምህርት ታሪክ ከላቦራቶሪው ያልተናነሰ ምስክር ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ ወደ ንባብ ይገባል፤ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እያለ ዳዊት ይደግማል። ቋንቋው ግእዝ ነው፤ ልጁ ገና ትርጉሙን አያውቅም። ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ብዙ ተቺዎች ይህን አይተው «በቀቀን ማሠልጠኛ» ብለውታል። ትችቱ ባዶ አይደለም፤ ከንባብ ቤት ሳያልፍ የቀረ ስንት ልጅ አለ።

ነገር ግን ሥርዓቱ በንባብ አያበቃም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የግእዙን ሰዋስው ተምሮ፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ቢደግም፣ የጓደኛውን ቢወስድ አይቆጠርለትም። መምህሩ ሰሙን ይመረምራል፤ ወርቁን ይፈልጋል፤ የተበላሸውን ያቃናል። ቀጥሎ መጻሕፍት ቤት አለ፤ በዚያ ቃል በቃል የሸመደደው ሁሉ ይተረጎማል፣ አንድምታውም ይዘረዘራል።

ሊቃውንቱ መድገምን የማወቅ ጠላት አላደረጉትም፤ የመጀመሪያው ቤት አደረጉት። ማወቅ መኖሩን የሚያረጋግጡትም በድምፁ ማማር ሳይሆን፣ ተማሪው ከዚያ በፊት ያልተባለ፣ ግን ትክክል የሆነ ነገር መውለድ መቻሉን በመምህር ፊት በመፈተን ነው። የፔፐርበርግ ፈተናም በመሠረቱ ይኸው ነው፦ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ጥያቄ፣ ቃሉ ከነገሩ ጋር መገናኘቱን የሚያይ መርማሪ።

ማሽኑ አማርኛ ሲናገር

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። ሞዴሎቹ ምንም አያውቁም ብሎ መደምደም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ሊቃውንት ገና የሚከራከሩበት ነው። እኛን የሚያሳስበን ቅርቡ ጥያቄ ነው። በድረ ገጽ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ለዛ ያለው አማርኛ እያፈሰሰ፣ የመድኃኒቱን መጠን ወይም የቀጠሮውን ቀን ሊያዛባ ይችላል። እንግሊዝኛውን የማያውቁት እናት ዐረፍተ ነገሩ ስላማረ ያምኑታል። ለዛው ራሱ የሚያሳስተው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

በዚህ ረገድ መልካም ጅምር አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ያገለግላሉ። የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር በ2024 ያወጣው ደንብ ደግሞ፣ ለሕመምተኛው መብት ወይም ሕክምና ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በማሽን ሲተረጎም ብቃት ያለው ሰው እንዲያየው ያዝዛል። ይህ በመሠረቱ የልዑል ማውሪትስ ሁለት አስተርጓሚ ነው። በየከተማ ምክር ቤቱ፣ በየሆስፒታሉ ቦርድ፣ በየኩባንያው የምትሠሩ ሁሉ ልትጠይቁት የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ አማርኛውን ማን አየው? በምን አዲስ ፈተና ተፈተነ? ስሕተቱ ሲገኝ ተጠያቂው ማን ነው? «ጥሩ ይናገራል» መልስ አይደለም።

ግን ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ለመድገም የሚሟገት ነው። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1800 በኦሪኖኮ ወንዝ ሲጓዝ፣ በማይፑሬስ አንድ ሽማግሌ በቀቀን እንዳለና የሚናገረውን የሚሰማው ሰው እንደሌለ የአገሩ ሰዎች ነገሩት። ወፉ የሚናገረው የጠፉትን የአቱሬስ ሕዝብ ቋንቋ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የከንቱ መድገም ምሳሌ አድርጎ ያነበዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ፤ ወፉ ድርሻውን ተወጥቷል፤ የጠፋው ሰሚው ነው።

የኤመሪቪል ምድር የዚህ ታሪክ ሌላ ፍጻሜ አለው። በዚህ ዳርቻ ይነገር የነበረው የኦሎኒ ቋንቋ ቾቼንዮ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆን ፒቦዲ ሃሪንግተን ከመጨረሻዎቹ ተናጋሪዎች፣ ከአንጀላ ኮሎስና ከሆሴ ጉዝማን አፍ ቃላቱን ሰብስቦ ጻፈ። ጉዝማን በ1934 ሲያርፉ ቋንቋው በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከእነዚያ ማስታወሻዎች እየተማሩ እንደገና ይናገሩታል። ሲጀምሩ እንዴት ጀመሩ ቢባል፣ ከመድገም በቀር መንገድ አልነበራቸውም። መጀመሪያ ቃሉን ያዙ፤ ቆይተው ትርጉሙን፤ ቆይተው የራሳቸውን ዐረፍተ ነገር።

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ልጆቻችን ቅዳሜና እሑድ «ሀ ሁ» ሲሉ፣ መዝሙር ሳይገባቸው ሲዘምሩ የምናፍርባቸው ወላጆች አለን። «እንደ በቀቀን ነው የሚለው» እንላለን። እንግዲህ የወፏ ታሪክ ያስተማረን ከሆነ፣ ኀፍረቱ በመድገሙ ላይ መሆን የለበትም። ኀፍረቱ ንባብ ቤት ከፍተን ቅኔ ቤት ባለመክፈታችን ነው፤ ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ገና ፊደል እያስቆጠርነው፣ በአማርኛ የራሱን ነገር ጠይቀነው ስለማናውቅ ነው። አሌክስን አሌክስ ያደረገው በየቀኑ ከፊቱ ተቀምጦ «ይህ ምንድን ነው?» ያለውና መልሱን ከልቡ የሰማው ሰው ነው።